የአፍና የልብ ዓምድ

የታሪክ አስተማሪዋን ተማሪዎቿ «እመት ለምን» ይሏታል። ከኋላዋ ነው የሚሏት፤ እሷ ግን ካወቀችው ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ደስም ይላታል። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ጎላ፣ አካሄዷ ፈጠን ያለ፣ የመነጽሯ አንድ እግር በፕላስተር የተጠገነ፣ ከኪሷ ጠመኔ የማይጠፋ ሴት ናት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የማጠቡ ተራ የሱ ሲሆን፣ ከቀሚሷ ኪስ የራሰ ጠመኔ እየጠረገ «እኔ እኮ ያገባሁሽ ከነሰሌዳሽ ነው» ይላታል። እሷም «ታዲያ ተሳስተሃል?» ትለዋለች። አልተሳሳተም።

ሌላውን ትምህርት በደህና ታስተምራለች። ወደ ቅኝ ግዛት ምዕራፍ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። መጽሐፉ የኢምፔሪያሊዝምን መነሻ ምክንያቶች በአምስት ነጥብ ደርድሮ አስቀምጧል፤ ጥሬ ዕቃ ፍለጋ፣ ገበያ ፍለጋ፣ ለትርፍ ሀብት ማፍሰሻ ቦታ፣ ክብርና ዝና፣ አምስተኛው ደግሞ «ሥልጣኔን ማዳረስ» የሚባለው። አምስቱንም አትጠላቸውም። የምትጠላው ልጆች እንደ ስልክ ቁጥር ሸምድደው፣ ፈተና ላይ አራግፈው፣ በሩን ሲወጡ ሲረሷቸው ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመክፈቷ በፊት የፊተኛውን ረድፍ ተማሪዎች ታስነሳለች። «ከዛሬ ጀምሮ በመስኮቱ በኩል ያሉት ዴስኮች የእናንተ ናቸው። ሂዱና ውሰዱ። በባዶ እጅ ግን አትሂዱ፣ ምክንያት ይዛችሁ ሂዱ!»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉድ ማየት ነው። አንዱ ተነስቶ «ፀሐዩ ዓይናችሁን እየጎዳው ስለሆነ ልናድናችሁ ነው የመጣነው» ይላል። ሌላዋ «መስኮቱን ዘግታችሁ ስለምትውሉ አትጠቀሙበትም፤ እኛ እንከፍተዋለን» ትላለች። ሦስተኛው «ዴስካችሁ ቆሽሿል፣ ንጽሕና እናስተምራችኋለን» ሲል የመስኮቱ ረድፍ እየጮኸ ይነሳል። እሷ በዚህ መሃል ሰሌዳውን ለሁለት የሚከፍል መስመር ትጥላለች። በግራ ዓምድ ራስ ላይ «የአፍ» ብላ ትጽፋለች፣ በቀኙ ራስ ላይ «የልብ»። ልጆቹ ያሉትን ሁሉ በግራ በኩል ታሰፍርና ወደ ወራሪዎቹ ዞራ «ለምን?» ትላለች። መልስ ሲሰጧት «እሱስ ለምን?» ትላለች። እስኪሰለቻቸው፣ እስኪስቁ፣ በመጨረሻም እውነቱን እስኪያወጡት ድረስ አትለቃቸውም። «ነፋስ ፈልገን ነው።» «ከዚያ በኩል የኳስ ሜዳው ይታያል።» «እነሱ ስለሚንቁን ነው።» ይኼ ሁሉ በቀኝ በኩል ይጻፋል።

«በሉ አሁን መርከብ ጨምሩበት» ትላለች ጠመኔዋን እያነሳች፣ «ጠመንጃ ጨምሩበት፣ ባንክ ጨምሩበት። መጽሐፋችሁን ክፈቱ።»

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አስተምራለች። ልጅ ያሳደጉ የድሮ ተማሪዎቿ መንገድ ላይ አስቁመዋት «ቲቸር፣ ጋዜጣ ሳነብ እስካሁን ሁለት ዓምድ ነው የሚታየኝ» ብለዋታል። ፈተና የሚባለው ነገር ግን መንገድ ላይ አይሰጥም። በጎን ያለውን ክፍል የሚያስተምረው ወጣት፣ ጨዋና ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ አምስቱን ነጥብ ኖት ያስጽፋል፣ ያስሸመድዳል፣ ይሄዳል። ባለፈው የጋራ ፈተና የሱ ልጆች ነጥቡን ጠራርገው ወሰዱ። የእሷ ልጆች በአንዱ ጥያቄ ላይ ሁለት ገጽ ሲከራከሩ ሰዓት አለቀባቸው። ሦስት ወላጆች አቤቱታ አስገቡ።

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶ ነገሩን ሳያለዝብ ነገራት። «እትዬ፣ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው። ሰኞና ረቡዕ ዐሥረኛ ለ ክፍል ይቀመጣል። ካላመነበት ክፍሉን ለወጣቱ ሰጥተን እርስዎን ወደ መጻሕፍት ቤት እናዛውራለን። ጡረታዎ እስኪደርስ እዚያ ያርፋሉ።»

«ይምጣ!» አለች እመት ለምን። «ጀርባው የማይወዛወዝ ወንበር እኔው ራሴ እመርጥለታለሁ።»

መጻሕፍት ቤቱ ሰላማዊ ቦታ ነው፣ ጥላ አለው፣ ወንበሩም ትራስ አለው፤ እሷ ግን ትራስ መች ጠየቀች? ማስተማሯን መቀማት ማለት ለእሷ ከነነፍሷ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነው። ማታ እራት ላይ ባሏ «ፈራሽ እንዴ?» ሲላት «ትንሽ» አለችው፣ ከዚያም ሁለት ሳህን በላች።

ሰኞ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቦርሳው ከራሱ የሚከብድ ሰው ነው። ትናንሽ ሳጥኖች የተሰመሩበት ቅጽ አውጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ክፍሉ ሁሉ «ጠበቃ» የሚላት ልጅ ናት። ጠበቃ እናቷ ሆድ ውስጥ እያለች እንደተከራከረች ይነገራል፤ እኔም አምናለሁ።

ትምህርቱ ሰመረ። ዴስኮቹ ተወረሩ፣ ጩኸቱ ደራ፣ ሁለቱ ዓምዶች ሞሉ። ሱፐርቫይዘሩ እንኳ አንዴ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ቃጥቶት ነበር። ልክ መጽሐፍ ሊከፈት ሲል ጠበቃ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምሳሌው ከዴስክ መውጣት ይችላል?»

«ይችላል እንጂ!»

«እዚሁ ግቢ ያለ ነገር ቢሆንስ?»

«ይበልጥ ጥሩ!»

«እሺ። የካርታ ክፍሉ በፊት የማን ነበር?»

የካርታ ክፍል የሚባለው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለው። ካርታዎቿ ተጠቅልለው እዚያ ይቀመጣሉ፤ እሷም በዕረፍት ሰዓት በሩን ቆልፋ እዚያ ሻይዋን ትጠጣለች። ከአራት ዓመት በፊት ግን ክፍሉ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋን ተማሪው ሁሉ «አክስቴ» ይላታል፤ አሁን አክስት ምሳዋን የምትበላው ደረጃው ሥር፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነው። ጠበቃ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ በየቀኑ ታያታለች። አንድ ቀን «ለምን እዚህ?» ብላ ጠየቀቻት። ለምንን ማን አስተማራትና!

እመት ለምን ከዚህ ጥያቄ ማምለጫ አላጣችም። «ከርእሱ ወጣሽ» ማለት ትችል ነበር። «ከክፍል በኋላ ነይ» ማለትም ትችል ነበር፤ አስተማሪ ሁሉ የሚለው ነው። የሱፐርቫይዘሩ እርሳስ ከቅጹ በላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። ፊቷ ጋለ፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጋ አጠፋች፣ አዲስ መስመር ጣለች፣ ከላዩም «እኔ» ብላ ጻፈች።

«በሉ ጠይቁኝ!» አለች። «እንደ ወራሪዎቹ። አትማሩኝ።»

በግራ በኩል ያለውን እሷው ሞላችው። «ክፍሉ ባዶ ነው።» ያን ጊዜ ለዳይሬክተሩ ያለችው ይህንን ነው። «ለትምህርት ጥራት ነው።» «ለእሷም ቢሆን እንዲህ የታፈነ ክፍል ጤና አይሰጣትም።» «ማስረከቧን ፈርማለች።»

«ለምን ፈለጉት?» አለ ከፊት አንዱ።

«የመምህራን ማረፊያው ጣሪያ እያፈሰሰ ካርታዬን አበሰበሰብኝ።»

«እሱስ ለምን? ቁም ሳጥን አያገኙም ነበር?» አለች ሌላዋ።

«መስኮት ያለው ክፍል ፈልጌ ነው። ቁልፍ ያለው በር ፈልጌ ነው።» ይህንንም ጻፈችው።

ጠበቃ አሁንም እጇን አላወረደችም። «ዳይሬክተሩም ከጎን ዕቃ ቤት አላቸው፤ መስኮትም ቁልፍም አለው። ለምን የሳቸውን አልጠየቁም?»

እመት ለምን ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ከውጭ የሚጠርግ ሰው የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ በቀኙ ዓምድ ታች፣ ከሌላው ጎላ አድርጋ ጻፈች፦ «እሷ እምቢ እንደማትለኝ ስለማውቅ።»

ደወሉ ተደወለ። ሱፐርቫይዘሩ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ።

አሁን እመት ለምን አፍራ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ የሄደች የሚመስለው ሰው ካለ አያውቃትም። ልቧ አብጦ ነው የሄደችው! እራት ላይ ባሏን «ራሴን ሰሌዳ ላይ ሰቀልኩት፤ በሱፐርቫይዘር ፊት! እስቲ ማን አስተማሪ ያደርገዋል?» አለችው። «ነገ ጠዋት ቁልፉን እመልስላታለሁ፣ ነገሩም ያልቃል።» ባሏ አውቶቡስ ውስጥ ብዙ ሰው ያየ ስለሆነ «እንዲያ ከቀለለማ ጥሩ ነው» አላት።

ማክሰኞ ጠዋት አክስትን ደረጃውን ከላይ ወደ ታች ስትወለውል አገኘቻት። እመት ለምን ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ፣ ጠመኔውን አራግፋ፣ እጇን ዘረጋች።

«እህቴ፣ ይኸው። ክፍሉ ያንቺ ነው። ካርታዎቹን ከሰዓት በኋላ አወጣለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አክስት ቁልፉን አየችው እንጂ አልተቀበለችውም። መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች።

«ትናንት የዐሥረኛ ለን ሰሌዳ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አዎ…»

«ከማጥፋቴ በፊት አነበብኩት።»

«ታነቢያለሽ?» አለች እመት ለምን፤ ከአፏ አመለጣት።

«አነባለሁ እንጂ። ቀስ እያልኩ።» አክስት ቀና አለች፣ ወገቧን ያዘች። «የአፍዎን ጽፈዋል። የልብዎንም ጽፈዋል፤ እውነት ነው፣ አልዋሹም። እኔ ግን እላይ ፈለግሁ፣ ታች ፈለግሁ፣ የትም የለሁም። ክፍሉ የማን ሆነና ነው ሁለቱንም ዓምድ እርስዎ የሞሉት?»

እመት ለምን ቁልፉን እንደዘረጋች ቀረች።

«ቁልፉን ያዙት» አለች አክስት። «ሲወሰድብኝ አልተጠየቅሁም፤ ሲመለስልኝም ሳልጠየቅ ነው? አሁንም እርስዎ ወሳኝ፣ እኔ ተቀባይ።»

እመት ለምን ያልተወለወለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሳለቻቸው ሁለት ዓምዶች ባንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ተደረደሩ። በግራ የመጪው አፍ፣ በቀኝ የመጪው ልብ። መጪው ምን እንዳለ፣ መጪው ምን እንደፈለገ። ልጆቿ የወራሪውን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ ያውቁታል፤ ቤቱ የተወሰደበት ሰው ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። የመስኮቱ ረድፍ ልጆች በየዓመቱ ይጮኹ ነበር። እሷ ደግሞ በየዓመቱ «ዝም በሉ፣ እነሱን እንስማ» ትላቸው ነበር። ያመማት ይኼኛው ነው፤ ከክፍሉ ይልቅ ይኼ አንጀቷን ቆረጠው።

«እሺ» አለች። «ልጠይቅሽ። ነገ ዐሥረኛ ለ ገብተሽ ልጆቹ ቢጠይቁሽ ትመልሺላቸዋለሽ?»

አክስት ትንሽ አሰበች። «ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ደረጃው የሚወለወልበት ሰዓት ነው። ሥራዬን ማን ይሠራልኛል?»

«እኔ።»

«እርስዎ?»

«እኔ። ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት።»

አክስት ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። «ከላይ ወደ ታች ነው» አለች። «ከታች ከጀመሩ የወለወሉትን መልሰው ይረግጡታል።»

እመት ለምን ግን፣ እመት ለምን ናትና፣ ረቡዕ ጠዋት ከታች ጀመረች። ከታች ያለው ደረጃ ይበልጥ የቆሸሸ መስሏት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ወደ ታች መውረጃ አጣች፤ የረገጠችውን እየወለወለች፣ የወለወለችውን እየረገጠች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። ሰውዬው ቦርሳውን አቅፎ ቆመ።

«መምህርት፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ለሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እየተዘጋጀሁ» አለችው ያለ ሐፍረት። «በግድግዳው በኩል ይለፉ፣ መሃሉ ያንሸራትታል።»

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አክስት የሥራ ጋውኗን አውልቃ፣ ጸጉሯን አስተካክላ ገባች። ልጆቹ ብድግ አሉላት። እመት ለምን የሰኞውን እንደነበረ መልሳ ጻፈችው፤ የአፍ፣ የልብ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ መስመር ጣለችና ሦስተኛ ዓምድ አወጣች። ራሱ ላይም «የባለቤቷ» ብላ ጻፈች።

«ይህ በዕቅድዎ ላይ የለም» አለ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ።

«የለም» አለች። «በመጽሐፉም የለም። እኔም ያወቅሁት ትናንት ነው። ልጆቹ ግን እንደ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት መጠበቅ የለባቸውም።»

የሱፐርቫይዘሩን ነገር ለመስማት የሚቸኩል ካለ አስቀድሜ ልገላግለው። ዐሥረኛ ለ ከእመት ለምን አልተነጠቀም። ወጣቱም ቢሆን ለምኖ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ይከታተላል፤ እሷም አምስቱን ነጥብ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ማስሸምደድ ከሱ ተምራለች፣ ልጆቿም ሰዓት አያልቅባቸውም። ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። ያን ዕለት ግን እሷ እንኳ ሱፐርቫይዘሩን ረስታው ነበር።

ጠበቃ ጀመረች። «አክስቴ፣ ክፍሉ ያንቺ እያለ ምን ትሠሪበት ነበር?»

«ልብሴን እቀይርበታለሁ። ምሳዬን እበላበታለሁ። እግሬን እዘረጋለሁ፤ እናንተ ገና ስለሆናችሁ እግር መዘርጋት ምን እንደሆነ አታውቁትም።» ልጆቹ ሳቁ። «ደግሞ ፊደል እማርበት ነበር። ልጄ የጨረሰቻቸውን ደብተሮች ይዤ እየመጣሁ፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩን ዘግቼ። ሰው እንዳያየኝ።»

«ከተወሰደብሽ በኋላስ?»

«ደረጃ ሥር እንዴት ይሆናል? ሰው ሁሉ ያልፋል። አንድ ዓመት ተውኩት። ከዚያ ሐፍረቱን ጣልኩትና እዚያው ደረጃው ሥር ቀጠልኩ።»

እመት ለምን እየሰማች የምትጽፈው ጠፋት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነበር የምትጽናናበት፤ አሁን ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «ስትፈርሚ ግን ትስቂ ነበር። አስታውሳለሁ። ደስ ብሎሽ ነበር። ለምን ፈረምሽ?»

አክስት ወደ እሷ ዞረች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ወረቀቱን ሲያመጡልኝ የጣት አሻራ ማድረጊያ ቀለምም ይዘው ነበር። እኔ ግን እስክሪብቶ ይስጡኝ አልኩ። ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ገና ሳምንቴ ነበር። የሚለውን አላነበብኩትም፤ ዓይኔ የምፈርምበት መስመር ላይ ብቻ ነበር፣ ፊደል እንዳይጎድለኝ። በዕድሜዬ በገዛ እጄ የፈረምኩት የመጀመሪያ ወረቀት እሱ ነው፣ እትዬ። የሳቅሁት ስሜ ሳይጎድል ወጥቶልኝ ነው።»

እመት ለምን ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አልደበቀችውም። ይህ መጻፍ እንዳለበት ስላወቀች ወደ ሦስተኛው ዓምድ ዞራ ጠመኔውን አነሳች።

«እትዬ» አለች አክስት፣ ከወንበሯ ተነስታ እጇን እየዘረጋች። «ያንን ለእኔ ይስጡኝ።»

እመት ለምን ጠመኔውን ሰጠቻትና ከሰሌዳው ራቅ ብላ ባዶ ዴስክ ላይ፣ ከተማሪዎቹ መሃል ተቀመጠች። አክስት አንዱን ፊደል ከሌላው እያራራቀች፣ አንዳንዴ ቆም ብላ እያየችው መጻፍ ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ነበረች። ከመቀመጫው የተነሳ ሰው አልነበረም።